ሰዓቱ ይርጋ፤ ግን በየትኛው ላይ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምሠራው አየር ማረፊያ ሲሆን ፈረቃዬ ንጋት 5 ሰዓት ይጀምራል። የ15 ዓመት ልጄ 7 ሰዓት ከ20 ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትጠብቃለች። ኮንግረሱ የሰዓት መቀያየሩን አስቀርቶ ዓመቱን ሙሉ የበጋውን ሰዓት ሊያጸና ነው ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በየማርቹ እንቅልፌ እየተዛባ አንድ ሳምንት እሰቃያለሁና። ጓደኛዬ ግን ለጤና ጥሩ አይደለም አለችኝ። እውነቱ የቱ ነው? ሕጉስ የት ደረሰ? አንድ ነገር ልጨምር፤ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ የምደውለው 9 ሰዓት ላይ ባለችኝ ዕረፍት ነው። በብርዱ ወራት ግን ይህ ሰዓት እናቴ ለሠርክ ጸሎት ከምትወጣበት ጋር ስለሚጋጭ ወራቱን ሙሉ በወጉ ሳናወራ እናልፋለን። ሕጉ ይህን ያስተካክልልኛል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጓደኛዎ ትክክል ናት፤ እርስዎም ትክክል ነዎት። በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት መቀያየሩ ቢቀር እኔም ደስ ይለኛል፤ በእንቅልፍ ሕክምና ከተሰማራን ባለሙያዎች አብዛኞቻችን በዚህ እንስማማለን። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ባለው ጥያቄ ላይ ነው። ሰዓቱ ይርጋ ከተባለ በየትኛው ላይ ይርጋ? ዋሽንግተን ውስጥ የሚመላለሰው ረቂቅ ሕግ የሚያረጋው በተሳሳተው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳውም እንደ እርስዎ ወፍ ሳይንጫጫ የሚነሣውን ሠራተኛ ነው። በክሊኒኬ ከማያቸው ወገኖቻችን ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኞች፣ የታክሲ ነጂዎች፣ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች፣ አረጋውያንን በየቤቱ የሚንከባከቡ እህቶች። ስለዚህ ጉዳዩን እንደ ሩቅ የፖለቲካ ወሬ ላየው አልችልም።

ቃላቱን አስቀድሜ ላስተካክል። ከኖቬምበር እስከ ማርች የምንኖርበት «መደበኛ ሰዓት» ይባላል፤ ፀሐይ መሐል ሰማይ የምትደርስበት ጊዜ በሰዓታችን ላይ ወደ 12 የሚጠጋው በእርሱ ነው። ከማርች እስከ ኖቬምበር ያለውን ብዙዎች «የበጋ ሰዓት» ይሉታል። እኛ ግን ያን ጊዜ አገራችን ክረምት እየገባ ዝናብ ስለሚወርድ ቃሉ ያደናግራል፤ እኔ በዚህ ምላሽ «የተገፋው ሰዓት» ብዬ እጠራዋለሁ፤ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት የተገፋ ነውና። ሰዓቶቹን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ እንደሚቆጠረው፣ ቀኖቹንም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ እነግርዎታለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር በልብዎ ይያዙልኝ። የትኛውም ምክር ቤት ለቀኑ አንዲት ደቂቃ ብርሃን ሊጨምርለት አይችልም። የሚችለው ከጠዋቱ ቆርሶ ለማታው መስጠት ነው። «ተጨማሪ ብርሃን» ሲባል በሰሙ ቁጥር «ከማን ተወስዶ?» ብለው ይጠይቁ።

አሁን ወደ ሕጉ። በእንግሊዝኛ «ሰንሻይን ፕሮቴክሽን አክት» ይባላል፤ የፀሐይ ብርሃን ጥበቃ ሕግ እንደ ማለት ነው። ምንጩ ፍሎሪዳ ነው። ፍሎሪዳ በ2018 የተገፋውን ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ለመጠቀም የራሷን ሕግ አወጣች፤ የፌዴራሉ ሕግ ስለማይፈቅድላት ግን በወረቀት ላይ ቀረ። ማርች 15 ቀን 2022 ሴኔቱ የያኔውን የፍሎሪዳ ሴናተር የማርኮ ሩቢዮን ረቂቅ ያለ ክርክርና ያለ ድምፅ ቆጠራ፣ «ተቃዋሚ አለ?» ተብሎ ተቃዋሚ ስላልተገኘ ብቻ አሳለፈው። ዜናው በአንድ ቀን አገር አዳረሰ፤ ብዙ ሰውም ሕጉ የጸደቀ መሰለው። ምናልባት እርስዎ የሰሙት የዚያን ጊዜ ማሚቶ ይሆናል። የተወካዮች ምክር ቤት ግን ለድምፅ ሳያቀርበው የሁለት ዓመት ዘመኑ አለቀ፤ በዚህ አገር ሥርዓት ዘመኑ ሲያበቃ ያልጸደቀ ረቂቅ አብሮ ይሞታል። በ2023 እንደገና ቀረበ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ በሴኔቱ በሪክ ስኮት፣ በተወካዮች ምክር ቤት በቨርን ቡካናን ተመልሶ መጣ። ሁለቱም የፍሎሪዳ ተመራጮች ናቸው፤ የ2018ቱን የፍሎሪዳ ሕግ በአገረ ገዢነት የፈረሙትም እኚሁ ስኮት ናቸው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዲሴምበር 2024 የሰዓት መግፋቱን ፓርቲያቸው እንደሚያስቀረው ጽፈው ነበር፤ በኤፕሪል 2025 ደግሞ በተቃራኒው ሁለቱ ምክር ቤቶች ለቀኑ መጨረሻ ተጨማሪ ብርሃን እንዲያስገኙ ጠየቁ። በኦክቶበር 2025 መጨረሻ ረቂቁን በ2022ቱ አኳኋን ለማሳለፍ ሲሞከር የአርካንሳሱ ሴናተር ቶም ኮተን ተነሥተው ተቃወሙ፤ በዚያ መንገድ አንድ ተቃውሞ ብቻ ይበቃል። የተቃወሙበት ምክንያት የብርዱ ወራት የጠዋት ጨለማ ነበር። ወደፊት እንዲህ ያለ ዜና ሲሰሙ ሁለቱም ምክር ቤቶች አጽድቀውት ፕሬዚዳንቱ ፈርመውበት እንደሆነ ይዩ። አንዱ ከጎደለ ሕግ የለም።

በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የ1966ቱ የፌዴራል የሰዓት ሕግ ግዛቶች በመደበኛው ሰዓት ዓመቱን ሙሉ እንዲጸኑ ይፈቅዳል። ሃዋይና፣ ከናቫሆ ሕዝብ ምድር በስተቀር፣ አሪዞና በዚህ ተጠቅመው ከ50 ዓመት በላይ ሰዓት ሳይቀይሩ ይኖራሉ። የሚከለከለው በተገፋው ሰዓት መጽናት ነው። ስለዚህ መቀያየሩን ማስቀረት ብቻ የሚፈልግ ግዛት ኮንግረሱን መጠበቅ አያስፈልገውም። በእርግጥ ለሜሪላንድ ብቻዋን መወሰን ከባድ ነው፤ ሰዉ ቨርጂኒያ እያደረ ዲሲ እየሠራ ሜሪላንድ ልጅ የሚያስተምርበት አካባቢ ስለሆነ ሦስቱም አብረው ካልተነሡ ኑሮው ይመሰቃቀላል። ይሁን እንጂ በሩ ክፍት ነው።

ዓመቱን ሙሉ የተገፋውን ሰዓት መጠቀም አዲስ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከፌብሩዋሪ 1942 እስከ ሴፕቴምበር 1945 ኖራበታለች። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ግን የ1974ቱ ነው። በ1973 መጨረሻ የዓረብ አገሮች ነዳጅ በመከልከላቸው የነዳጁ ዋጋ ጣሪያ ነካ። የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችን በየካቲት 1966 ዓ.ም. አድማ ያስመታውና ለአብዮቱ አንድ ምክንያት የሆነው የነዳጅ ዋጋ ንረት የዚሁ ቀውስ ውጤት ነበር። እዚህ አሜሪካ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ኃይል ለመቆጠብ ብለው በዲሴምበር 1973 አንድ ሕግ ፈረሙ፤ ከጃንዋሪ 6 ቀን 1974 ጀምሮ ሰዓቱ ተገፍቶ እስከ ኤፕሪል 1975 እንዲቆይ። ሕዝቡ መጀመሪያ ወደደው፤ በዲሴምበር በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት 79 በመቶው ደግፎት ነበር።

ከዚያ ጃንዋሪ መጣ። ልጆች የእጅ ባትሪ ይዘው በጨለማ አውቶቡስ ይጠብቁ ጀመር። በፍሎሪዳ በጠዋቱ ጨለማ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በመኪና የተገጩ ልጆች ሞቱ፤ የግዛቱ አገረ ገዢ ሩቢን አስክዩ ኮንግረሱ ሕጉን እንዲሽረው ጠየቁ። ሞቶቹን ሁሉ በሰዓቱ ማሳበብ እንደማይቻል ኋላ ጉዳዩን የመረመሩት ገልጸዋል፤ እኔም ከዚያ አልፌ አልናገርም። ወላጁ ግን ጨለማውን በዓይኑ አይቶታል። በፌብሩዋሪ ድጋፉ ወደ 42 በመቶ ወረደ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር አዲሱ ፕሬዚዳንት ፎርድ ማሻሻያውን ፈረሙ፤ ብርዱ ሳይገባ አገሩ ወደ መደበኛው ሰዓት ተመለሰ። አሥራ ስድስት ወር ገደማ ሊቆይ የታሰበው ሙከራ አንድ የብርድ ወቅት ብቻ ቆየ። ያን ጊዜ «ይሻርልን» ብላ የጮኸችው ፍሎሪዳ ዛሬ የረቂቁ ግንባር ቀደም ጠበቃ መሆኗ ያሳዝነኛል፤ ያንን ጠዋት የሚያስታውሱ ወላጆች አርጅተዋል፣ ወይም አልፈዋል።

ሌሎችም ሞክረውታል። ብሪታንያ ከ1968 እስከ 1971 ሰዓቱን ገፍታ ቆየች፤ በሰሜን ስኮትላንድ ፀሐይ የምትወጣው ወደ 10 ሰዓት ሲጠጋ ስለነበር ፓርላማው 366 ለ81 በሆነ ድምፅ ተወው። ሩሲያ በ2011 ዓመቱን ሙሉ በተገፋው ሰዓት ጸናች፤ ሦስት ዓመት በጨለማ ጠዋት ከተማረረች በኋላ በኦክቶበር 2014 ወደ መደበኛው ተመልሳ በዚያ ረጋች። እስካሁን ያጸኑት የሉም አልልም፤ ቱርክ ከ2016 ጀምሮ በተገፋው ሰዓት ትኖራለች። ከምድር ወገብ እየራቁ በሄዱ ቁጥር ግን ዋጋው ይከብዳል።

ዋጋው ለምን በሰውነት ላይ እንደሚከፈል ላስረዳዎት፤ የእኔ ሙያ እዚህ ላይ ነው። በአንጎላችን ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ የነርቭ ሴሎች ስብስብ አለ፤ ቁጥራቸው ወደ 20 ሺህ ይጠጋል። የሰውነታችን ሰዓት እርሱ ነው። እንቅልፍን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ የደም ግፊትን፣ ሆርሞኖችን በየተራቸው የሚያስነሣና የሚያስተኛ ነው። ይህ ሰዓት በሴሎች ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በፍሬ ዝንብ ላይ ያሳዩ ሦስት አሜሪካውያን የ2017ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። አስገራሚው ነገር ሰዓቱ ልክ 24 ሰዓት አለመሆኑ ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ዙሩ ከ24 ሰዓት 10 ደቂቃ ገደማ ይበልጣል። በየቀኑ ጥቂት ወደ ኋላ እንደሚቀር የእጅ ሰዓት ነው። በየጠዋቱ ማስተካከል ያስፈልገዋል፤ የሚያስተካክለውም ብርሃን ነው። በዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ብርሃን መኖሩን ለዚህ ሰዓት ለማሳወቅ የተፈጠሩ ልዩ ሴሎች አሉ።

ሁሉም የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ወደ ፊት ይጎትተዋል፣ የማታ ብርሃን ወደ ኋላ ያስቀረዋል። የጠዋቱን ቀንሰው ማታውን ካበዙት ሰውነት በሁለት በኩል ይዘገያል፤ ማታ እንቅልፍ ዘግይቶ ይመጣል፣ የመነሻው ደወል ግን አይዘገይም። ትርፉ የእንቅልፍ ዕዳ ነው። በአሜሪካ የሰዓት ቀጠናዎች ወሰን ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሰዎችን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ፀሐይ በሰዓታቸው ላይ ዘግይታ የምትጠልቅባቸው ሰዎች በአማካይ 19 ደቂቃ ያነሰ እንደሚተኙ በ2019 አሳትመዋል። 19 ደቂቃ ትንሽ ይመስላል፤ በየሌሊቱ ለዓመታት ሲጠራቀም ግን ትንሽ አይደለም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2020፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ2022 መቀያየሩ ይቅር፣ ሰዓቱም በመደበኛው ላይ ይርጋ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የማርቹ ሥቃይዎ ምናብ አይደለም። በስዊድን የልብ ሕመም መዝገቦች ላይ የተሠራ የ2008 ጥናት ሰዓቱ ከተገፋ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ የሥራ ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም 5 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ2020 በዚያ ሳምንት ለሞት የሚያበቃ የመኪና አደጋ 6 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አግኝተዋል። መቀያየሩን ማስቀረት ይህን ያድናል። በተገፋው ላይ ማርጋት ግን የአንድ ሳምንቱን መዛባት አስቀርቶ የአራት ወር ጨለማ ጠዋት ይሰጥዎታል።

ይህን በእርስዎ ቤት ላይ እንየው። በሲልቨር ስፕሪንግ በጃንዋሪ መጀመሪያ ፀሐይ የምትወጣው 7፡27 ገደማ ነው። ልጅዎ 7፡20 ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ ሰማዩ ነግቷል፤ ነጂው ያያታል፣ እርሷም መኪናውን ታያለች። ረቂቁ ሕግ ቢሆን ፀሐይ የምትወጣው 8፡27 ነው። የንጋት ወገግታ እንኳ የሚጀምረው 8 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ልጅዎ የምትቆመው በድቅድቅ ጨለማ ነው። እንዲህ ያለ ጠዋት ለጥቂት ቀን አይደለም የሚቆየው፤ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ ከ8 ሰዓት በፊት አትወጣም። ወገኖቻችን በሚበዙባቸው ሌሎች ከተሞች ደግሞ ይብሳል፤ በአትላንታ 8፡43፣ በሚኒያፖሊስ 8፡51፣ በኮሎምበስ ኦሃዮ 8፡54፣ በሲያትል 9 ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው።

በዚያ ላይ ልጅዎ 15 ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ማታ እንቅልፍ አልወስድ ሲላት፣ ጠዋትም አልነሣም ስትል ስንፍና አይምሰልዎ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ መለስተኛና ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ8፡30 በፊት እንዳይጀምሩ በ2014 የመከረው ለዚህ ነው። የተገፋው ሰዓት በጃንዋሪ ቢጸና ለልጅዎ ሰውነት 7፡20 ማለት 6፡20 ነው። እውነቱን በግልጽ ካነበብነው ረቂቁ የሚለው «በብርዱ ወራት ሁሉም ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ ተነሥቶ ሥራና ትምህርት ቤት ይግባ» ነው። እንዲህ ተብሎ ቢቀርብ ማን ይደግፈው ነበር?

እርስዎ ራስዎ 5 ሰዓት ለመግባት ከ3፡30 በፊት መነሣትዎ አይቀርም። ከዚያ ስንነሣ የ7 ሰዓት እንቅልፍ ለማግኘት ማታ 8 ሰዓት ላይ አልጋ ላይ መሆን አለብዎት። በጁን ወር በተገፋው ሰዓት ፀሐይ የምትጠልቀው 8፡37 ነው፤ ድንግዝግዙ እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። እርስዎ ለመተኛት ሲሞክሩ መስኮቱ ላይ ገና ፀሐይ አለ፤ ሰውነት ሜላቶኒን የሚባለውን የሌሊት ሆርሞን ማመንጨት አልጀመረም። ወደ ክሊኒኬ እየመጡ «ደክሞኛል፣ ግን አይወስደኝም» ከሚሉኝ የማለዳ ሠራተኞች ብዙዎቹ ይህን የሚሉኝ በነዚህ ረጃጅም ማታዎች ነው። በመደበኛው ሰዓት ብንረጋ ፀሐይ 7፡37 ትጠልቅ ነበር፤ እርስዎ ሲተኙ እየጨለመ፣ 5 ሰዓት ሥራ ሲገቡ ደግሞ ነግቶ ነበር። ረቂቁ ይህን በጋ አይለውጠውም፤ እንዳለ ያጸናዋል። ብርዱን ወራት ደግሞ ይጨምርበታል። የረዘመ ማታ ጥቅሙ ከቢሮ 5 ሰዓት ላይ ወጥቶ ልጁን ሜዳ ለሚወስደው ነው። እርሱ ደስታ ይገባዋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ደጋፊዎቹ ያለ ምክንያት አይናገሩም። የዲሲ ዲሴምበር 4፡46 ላይ ሲጨልም ልብ ይከብዳል፤ የመንፈስ ጭንቀት ያለባቸው ሕሙማኔ ያን ወቅት ይፈሩታል። የተገፋው ሰዓት ወቅት በ2007 በሕግ ሲራዘም በተጨመሩት ቀናት ዝርፊያ ወደ 7 በመቶ መቀነሱን ያገኘ ጥናትም አለ፤ ሌሊት ሱቅ ለሚጠብቅ ወገናችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኃይል ቁጠባው ክርክር ግን ደክሟል። ኢንዲያና በ2006 ግዛቱን በሙሉ ወደ ሰዓት መግፋቱ ሥርዓት ስታስገባ የመኖሪያ ቤቶች የኤሌክትሪክ ፍጆታ 1 በመቶ ገደማ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ መብራቱ ቢድንም ማቀዝቀዣው በላው። «ለገበሬ ተብሎ የመጣ ነው» የሚለውም ስሕተት ነው። በ1919 ኮንግረሱ የፕሬዚዳንት ዊልሰንን ተቃውሞ ጥሶ የመጀመሪያውን ሕግ እንዲሽር ግንባር ቀደም ሆነው የገፉት ገበሬዎች ነበሩ፤ ላም የምትታለበው በፀሐይ እንጂ በአዋጅ አይደለም። የጸሎት ሰዓትም የሚነካው ወገን አለ። በጃንዋሪ የሱብሂ ሶላት ወደ 7 ሰዓት ስለሚገፋ በዚያ ሰዓት ሥራ የሚገባ ሙስሊም ሥራ ቦታው ላይ ይሰግዳል ማለት ነው፤ የኦርቶዶክስ አይሁድ ድርጅቶችም በጠዋት ጸሎታቸው ምክንያት ሐሳቡን ይቃወማሉ።

ይህን ነገር ለአገር ቤት ሰው ማስረዳት የሚያስቸግረን ለምን እንደሆነ ሳስብ ቆይቻለሁ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆነው 1 ሰዓት እንላለን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በዋሽንግተን ልዩነቱ አምስት ሰዓት ተኩል፣ በሲያትል ሰባት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ንጋት በማይንቀሳቀስበት አገር ሰዓት የሚገፋበት ምክንያት የለም፤ በሚንቀሳቀስበት አገር ደግሞ ንጋቱን ይበልጥ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሕጉ እስኪለይለት እርስዎ ምን ያድርጉ? በማርች ሁለተኛ እሑድ ከመድረሱ አራት ቀን በፊት፣ ከረቡዕ ጀምሮ፣ በየማታው 15 ደቂቃ ቀደም ብለው ይተኙ፣ በየጠዋቱም 15 ደቂቃ ቀድመው ይነሡ። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ቤት አይግቡ፤ ግማሽ ሰዓት ውጪ ይቆዩ። ሰኞና ማክሰኞ በተቻለ መጠን ረጅም መንገድ አይንዱ። በጋውን መኝታ ቤትዎ ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉ፤ ከ7 ሰዓት ጀምሮ የሳሎኑን መብራት ይቀንሱ፣ ስልኩንም ያርቁ። በብርዱ ወራት ሥራ ቦታ ሆነው ንጋቱ ስለሚያልፍብዎት ዕረፍትዎን ውጪ ያሳልፉት፤ ደመናማ ሰማይ እንኳ ከውስጥ መብራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልጅዎም ስልኳን ሳሎን አስቀምጣ ትተኛ፤ ቦርሳዋ ላይ የመኪና መብራት የሚያንጸባርቅ ነገር ይለጥፉላት። ሜላቶኒን እዚህ አገር ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል፤ ግን መቼና ምን ያህል እንደሚወሰድ ካልታወቀ ሰዓቱን ይበልጥ ስለሚያዛባው ከሐኪምዎ ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩት።

የእናትዎን ነገር በመጨረሻ ያቆየሁት ስለቀለለብኝ አይደለም። ስሌቱ እንዲህ ነው። ሰዓቱ ተገፍቶ ባለበት ወቅት አዲስ አበባ ከእኛ በ7 ሰዓት ትቀድማለች፤ በመደበኛው ወቅት በ8። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ 6 ስለሚያንስ ዘዴው ቀላል ነው፤ ከማርች እስከ ኖቬምበር በእጅዎ ሰዓት ላይ ባለው ቁጥር 1 ይደምሩ፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች 2 ይደምሩ፤ በእኛ አቆጣጠር የአዲስ አበባን ሰዓት ያገኛሉ። ስለዚህ በ9 ሰዓት ዕረፍትዎ ሲደውሉ በአንዱ ወቅት እናትዎ ዘንድ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ በብርዱ ወራት ግን 11 ሰዓት ሆኖ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤት ወጥተዋል። ረቂቁ ቢጸድቅ ዓመቱን ሙሉ 10 ሰዓት ላይ ያገኟቸዋል፤ ይህን አልክድም። በመደበኛው ብንረጋ ደግሞ የ9 ሰዓቱ ጥሪ ዓመቱን ሙሉ 11 ሰዓት ላይ ይወድቃል።

ነገር ግን ሕጉ የሚሰጥዎት ይህ ጥቅም የ9 ሰዓቱን ዕረፍት ዛሬ 8 ሰዓት ወደምንለው ጊዜ ማምጣት ብቻ ነው። ያንን ያለ ሕግም ማግኘት ይቻል ይሆናል። የፈረቃ ኃላፊዎን ከኖቬምበር እስከ ማርች ዕረፍቴ 8 ሰዓት ላይ ይሁንልኝ ብለው ይጠይቁ፤ ከሌላ ባልደረባ ጋር መቀያየርም ይቻላል። 8 ሰዓት ላይ እናትዎ ዘንድ 10 ሰዓት ነው፤ ገና ቤት ናቸው። እዚህም ፀሐይ ከወጣች ግማሽ ሰዓት አልፏታል። ስልኩን ይዘው ወደ ደጅ ይውጡና ፊትዎን ወደ ምሥራቅ አድርገው ያናግሯቸው።